የወይራዋ በላተኛ

ሌባ ብላችሁ እንዳትጀምሩኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ካርቱም ስኖር የሰው መርፌ አልነካሁም። ያቺን ወይራ ግን፣ ወላሂ፣ የበላኋት እኔ ነኝ።

ጀምበሬ እባላለሁ። ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ውስጥ፣ አባይ ዳር ያለችው የተፈጥሮ ሐዲቃ፣ የመናፈሻዋ ማለቴ ነው፣ ዘበኛ ነኝ። ኤሊ አለ፣ ጉጉት አለ፣ ወፎች የሚወርዱበት ኩሬ አለ። ጁምዓ ጁምዓ፣ ዓርብ ዕረፍት ነውና፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ ከኦምዱርማን ሳይቀር ድልድዩን ተሻግሮ ይመጣል። አለቃዬ ዶክተር ሉጥፊያ ዛፍ የሚያሳድጉት እንደ ልጅ ነው።

አንድ ቀን ከቀይ ባሕር ተራሮች እኔን የምታክል ወይራ በበርሜል አስመጡ። ወይራ! ካርቱም ውስጥ! ቀንበጧን ቀንጥሼ ባኝካት የአገሬ የጋይንት ጠዋት አፌ ውስጥ ገባ። እንባዬም መጣ፣ ምን ይደረግ።

በማግስቱ አንዲት ቀንበጥ ለመፋቂያ በሰንጢ ቆረጥኩ። አባቴ እንዳስተማረኝ መያዣዋ ላይ ዙሪያዋን ልጬ ቀለበት አወጣሁላት። ሰው ጥርሱን ሳይፍቅ እንዴት አፉን ከፍቶ ሰላም ይላል? በሦስተኛውም ቀን አንዲት። አንዲት አንዲት ስል በወሩ ወይራዋ ባንድ ጎኗ የተላጨች መሰለች።

ዶክቶራ አዩና ጮኹ፤ "ዓም" የሚሉኝ አጎቴ ለማለት ነው። "ዓም ጀምበሬ! ይህን ዛፍ የሚበላ እንስሳ ገብቷል!"

"እኔ ነኝ" ማለት ያን ጊዜ ነበር። ግን ከእኔ በፊት የነበረው ዘበኛ አንድ ጽጌረዳ ቢቆርጥ በዚያው ቀን "ኻላስ" ብለው አሰናብተውታል። የመኖሪያ ወረቀቴ ደግሞ በዚህ ሥራ ነው የቆመው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።

"እንግዲህ በደንብ ጠብቅልኝ" አሉኝ።

እኔኑ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን ስጠብቅ ከረምኩ። ታዲያ ተውክ ወይ ብትሉኝ፣ አልተውኩም። ሱስ ነዋ!

ይባስ ብለው ውድድር አወጁ። "ማን ነው የሚበላኝ?" የሚል ሰሌዳ ዛፏ ላይ ተሰቀለ። በላተኛውን በማስረጃ ያገኘ ልጅ የሩቅ ማያ መነጽር ይሸለማል። ግምቱ ጎረፈ። ፍየል ነው ተባለ፣ ጃርት ነው ተባለ። ከዚሁ ከካርቱም፣ ከሪያድ ሰፈር የመጡ አንድ ሀብታም "ቀጭኔ" ብለው ጻፉ። ቀጭኔ በየት ገብታ? በሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ!

ነገሩ የከፋው ልጄ ፅዮን ስትገባበት ነው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ወፍ ካየች እህል ውሃ ትረሳለች። መነጽሩን ካየች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። "ባባ፣ ኢንሻአላህ የምይዘው እኔ ነኝ" ትለኛለች። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቀንበጥ ቆጥራ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። እሑድ እንኳ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየጎተተች ታመጣኛለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ ማስመሪያ እይዝላታለሁ። ዓይነ ደረቅ ማለት እኔ ነኝ።

የውድድሩ ጁምዓ ደረሰ። ሰው ግቢውን ሞላው። ፅዮን ወንበር ላይ ወጣች።

"ፍየል አይደለም። ፍየል ይዘነጥላል፤ ይሄ በቢላ የተቆረጠ ነው" አለች በዐረብኛ። "ቁመቱ የትልቅ ሰው ነው። በልቶ የጣለውንም ከአጥሩ ሥር አግኝቻለሁ።" ጫፏ የታኘከች፣ መያዣዋ ላይ ቀለበት ያላት ቀንበጥ ከፍ አድርጋ አሳየች። "ደግሞ እሑድ አንድም ቀንበጥ አይጎድልም።"

"እንዴ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ እንስሳ ነዋ!" አሉ አንድ ሽማግሌ።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ፅዮንም ሳቀች፤ እየሳቀች አብሬያት እንድስቅ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ የሸሚዜ ኪስ ላይ አረፈ። ባለ ቀለበቷ መፋቂያዬ ከኪሴ ብቅ ብላለች።

ሳቋ ቀጥ አለ። ቀንበጧን ቶሎ ከጀርባዋ ደበቀች።

"እሺ፣ ማን ነው?" አሉ ዶክቶራ።

"አላወቅኩትም" አለች ልጄ። ያን ሁሉ የደከመችበትን መነጽር አላየችውም፤ መሬት መሬቱን ነው የምታየው። ልጄ ለኔ ብላ ስትዋሽ ቆሜ ልስማ?

"ታውቃለች! በላተኛው እኔ ነኝ!" ብዬ መፋቂያዬን ከኪሴ አወጣሁ። "ወይራ በአገራችን ጥርስ ይፋቅበታል። ናፈቀኝ፣ በላሁት። ልጄ አሸንፋለች፣ ሽልማቷን ስጧት። እኔን እንደ ፈለጋችሁ።"

የዶክቶራ ፊት ቀላ። ይኸው፣ ሥራዬ አለቀ አልኩ። ፅዮን ግን ከወንበሩ ዘላ ወርዳ ፊታቸው ቆመች።

"ዶክቶራ፣ አሸንፌያለሁ አይደል? መነጽሩ የኔ ነው አይደል?"

"ያንቺ ነው።"

"እንግዲያው መልሼ ሰጠሁዎት። ባባን ተዉልኝ።"

ዶክቶራ ፊታቸውን አዙረው በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሲመለሱ ግን እየሳቁ ነበር። መነጽሩን ልጄ አንገት ላይ አጠለቁላት።

"ያንቺው ነው። በላተኛውን በዚህ ጠብቂልኝ። አንተም ዓም ጀምበሬ፣ ከእንግዲህ አንድ ቅጠል ብትነካ ወዮልህ! ለበላኸው ደግሞ ችግኝ አፍልተህ ትተካለህ።"

አሁን የምፍቀው በኒም ዛፍ ቀንበጥ ነው። ይመራል፤ ይበለኝ። ፅዮን ጁምዓ ጁምዓ ከኩሬው ማዶ በመነጽሯ ወፍ ታያለች፤ በየመሃሉ ወደ እኔ ታዞረዋለች። የወይራዋ ሰሌዳም ተቀይሯል። ከኤሊውና ከጉጉቱ ሰሌዳ አጠገብ የልጄ እጅ ጽሑፍ ቆሟል፦

"ዓም ጀምበሬ። ወይራ ይወዳል። ማለዳ ይወጣል፣ እሑድ አይታይም። እባካችሁ አታባርሩት።"