የቦሬ ምርመራ

አዳማ ዳር የሚኖሩት አቶ ጫምሳ፣ ቦሬ የምትባል የወተት ላም አለቻቸው። የእንስሳት ሐኪሟ ሃኒ ለቲቢ ምርመራ አንገቷ ላይ ወጋቻትና በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። የተወጋው ቦታ ካበጠ ቦሬ ልትወገድ ነው።

«አበጠ እንዴ?» አሉ አቶ ጫምሳ፣ በጭንቀት እየሳሉ።

«አላበጠም፤ ነፃ ናት። ይልቅ እርስዎ፣ ሳሉ ቆየብዎት?»

«ብርድ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ነው።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ቡዜ ይህን ሲሰሙ ወዲያው ባጃጅ ጠርተው ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። ቲቢው የተገኘው እሳቸው ላይ ሆነ።

አሁን መድኃኒት ጀምረዋል፤ ሳሉም ቀሎላቸዋል። ወደ በረቱ ጠጋ ሲሉ ግን ወይዘሮ ቡዜ ይጮኻሉ። «ዞር በል አንተ ሰውዬ! ላሚቱን ልታስይዛት ነው?»

እሳቸውም ከአጥር ማዶ ቆመው «ቦሬ፣ አካም ጅርታ?» እያሉ በኦሮምኛ ደህንነቷን ይጠይቋታል።