ቀለም የተቀባ አውራ ጣት

ለምክር ቤት ምርጫ በቀበሌያችን አዳራሽ ሁለት ጠረጴዛ ተዘረጋ። በአንዱ የመረጠ ሰው በሌላው ለመረጠ ሰው አይታይም፤ አይሰማም፤ ቢነካም አይጨበጥም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፌዴራሉ ደብዳቤ «ምርጫ የማስፈጽመው እኔ ነኝ፤ የሚቀባው የግራ አውራ ጣት ነው» ይላል። የክልሉ ደግሞ «በክልሌ የማስፈጽመው እኔ ነኝ፤ የሚቀባው የቀኝ ነው» ይላል። ሁለቱም «ሌላው የቀባው ሰው እንዳልነበረ ይቆጠራል» ብለው ይጨርሳሉ። ማኅተማቸው ያምራል።

እኔ ሽብሩ፣ የቀበሌው መዝገብ ያዥ፣ ሁሉንም አያለሁ። ሠራተኛ የሚመርጠው መጨረሻ ላይ ነውና ጣቴ ገና ንጹሕ ነበር።

ጠዋት ጎረቤቶቼ ደምለውና ሚስቱ እንጉዳይ አብረው መጡ። ደምለው ሰልፍ አይወድም። «አንቺ በፌዴራሉ ቁሚ፣ እኔ በክልሉ፤ ቶሎ እንጨርሳለን» አላት። እውነትም ቶሎ ጨረሱ። ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር የኖሩ ሰዎች በሩ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ይጠራሩ ጀመር።

አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው።

«ሽብሩ፣ የት ሄደች?» አለኝ ደምለው።

«አጠገብህ ናት።»

«ምን ትላለች?»

«የት ሄደ ትላለች።»

እንጉዳይ «የግፊት መድኃኒቱን ዋጠ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ውጧል አልኳት። «አንተማ እኔን ለማጽናናት ነው» ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው።

እንዲህ እየተመላለስኩ ዋልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው የማይተያዩት ሁለቱ አስፈጻሚዎች ስሜን ጠሩ። ሠራተኛ ሳይመርጥ ሣጥን አይታሸግም።

«ከመረጥኩ ከሁለቱ አንዳቸውን አጣለሁ» አልኩ።

«ከየትኞቹ ሁለት?» አለ የፌዴራሉ። «እዚህ ያለነው እኛ ብቻ ነን።»

የክልሉም ይህንኑ አለ።

«በሞቴ አትምረጥ!» አለች እንጉዳይ። «ወሬውን ማን ይነግረኛል?»

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። እኔ ግን ብልጥ ነኝ ብዬ በሁለቱም ጠረጴዛ መርጬ ሁለቱንም አውራ ጣቶቼን ቀለሙ ውስጥ ነከርኩ።

የፌዴራሉ አስፈጻሚ መዝገቡን አየ። «አንድ የግራ እጅ ይታየኛል። ባለቤቱ የለም» ብሎ ሣጥኑን አሸገ። የክልሉ አንድ የቀኝ እጅ መዘገበ።

ደምለውና እንጉዳይ አሁንም ይታዩኛል። ሁለቱም እየጮሁ ስሜን ይጠራሉ። አለሁ ብልም አይሰሙኝም። ሄጄ በመካከላቸው ተቀመጥኩ።

«ውይ! እጁ!» አለች እንጉዳይ፣ የግራ እጄን ለቀም አድርጋ።

«መጣሽ?» አለ ደምለው የቀኙን ይዞ።

እንዲህ ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም። እንጉዳይ መዳፌን ጉንጯ ላይ አድርጋ «ቀዝቅዘሃል» አለች። በወዲያ በኩል ደምለው ሌላኛውን እጄን ስሞ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያም ሁለቱ እጆቼን ሳይለቁ፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቤት ለመሄድ ተነሡ።