በቀኝ በኩል

እሌኒ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ለእህቷ ለአትጠገብ ሠልስት ምስር ትለቅማለች። ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ካርታ ይዘዋል። ሴቶቹ በረንዳው ላይ ያንሾካሹካሉ። የዕድሩ ሴቶች ሰብሳቢ ገበያነሽ ገባች። መጥታ ከእሌኒ ግራ ተቀመጠች።

«እግዜር ያጥናሽ» አለች።

«እህቴ ስትታመም የት ነበርሽ?»

እሌኒ ሌላ ጊዜ «እትዬ» ትላት ነበር።

«እናቴ የሞተች ጊዜ አትጠገብ ሐዘንተኛውን ሁሉ ስማ እኔን ዘላኝ ሄደች። ይሄ ይረሳል?»

እሌኒ ያን ቀን ታስታውሳለች። አትጠገብ ከለቅሶው ስትመለስ ከፍቷት ነበር። ገበያነሽን ፈልጋ እንዳጣቻት፣ ሳታጽናናት መምጣቷ እንደከነከናት ለእሌኒ ነገረቻት። ገበያነሽ ግን በአትጠገብ ቀኝ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕድርተኞቹ ኮርታለች ብለው ሸሿት፤ ትከሻዋ ከበሩ መቃን ጋር ሲጋጭ ጠጅ ቀምሳለች ብለው ሳቁባት። ዲላ ያያት ሐኪም ዓይኗ ሕመም የለበትም፣ ትንሽ ደክሟል ብሎ መነጽር አዘዘላት። ሐዋሳ ጭንቅላቷ በመሣሪያ ሲታይ ነው ዕጢው የተገኘው። የቀኝ ዓይኗን ነርቭ ተጭኖ አጥፍቶት ነበር። ቀስ እያለ ስለጠፋ እሷም አላወቀችውም። በተኛችባቸው ወራት ከዕድሩ አንድ ሰው አልጠየቃትም።

«አላየችሽም» አለች እሌኒ።

«ሁለት ዓይኗ ተገልጦ?»

«ቀኝ ዓይንሽን በነጠላሽ ሸፍኚና ወደ ድንኳኑ ተመልከቺ።»

ገበያነሽ በእልህ ሸፈነች። ከፍስሐ ገነት ቡና ጭኖ የመጣ አይሱዙ በበሩ አለፈ። ሴቶቹ ሁሉ እሌኒን ያያሉ።

«እህ፣ ምኑን ነው የማየው?»

«በቀኝሽ እጄን ከዘረጋሁልሽ ቆየ።»

ገበያነሽ አንገቷን ሙሉ አዞረች። የእሌኒ እጅ አጠገቧ ነበር፤ የምስር አቧራ የለበሰ። ልትጨብጠው የራሷን ስትሰድ እሌኒ ሰብስባ ወደ ሰፌዱ መለሰችው።

 ገበያነሽ ነጠላውን ከዓይኗ ሳታነሳ እንደገና ወደ ድንኳኑ ዞረች። እሌኒ የመጨረሻዎቹን ጠጠሮች ለቀመች፣ ምስሩን ድስት ውስጥ ገለበጠች፣ ሰፌዱንም አራግፋ ከገበያነሽ በስተቀኝ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።