ያላየችው ቁስለኛ

ከኤርትራ ጋር የተጀመረው ጦርነት በበረታበት ዓመት ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ መጋዘን የቁስለኞች ማረፊያ ሆኖ ነበር። አቢጌል ከጸሎት ቤቷ ወጣቶች ጋር በበጎ ፈቃድ ከደሴ እየወረደች ቁስለኞቹን ውኃ ታጠጣለች፣ ልብሳቸውን ታጥባለች። እያደር ግን ከሥራው ይልቅ ደረቷ ላይ የምታደርገው ቢጫ ባጅ ያስደስታት ጀመር። ታክሲ ውስጥ ቦታ ይለቁላታል፤ የመጋዘኑ ጠባቂዎችም ሳይፈትሹ ያሳልፏታል።

አንድ ቀን ጣይባ የሚባሉ ከቢስቲማ የመጡ እናት በሩ ላይ ያዟት። ጠባቂዎቹ ዘመድ አናስገባም ብለዋቸዋል።

«ልጄ፣ አንቺ ምልክት አለሽ፣ ያስገቡሻል። ልጄ ይመር ይባላል፤ ሆዱን ነው የተመታው። እንዴት እንዳለ አይተሽ ንገሪኝ። ከባሰበት እዚሁ አድራለሁ።»

«አይቼ እመጣለሁ፣ እማማ።»

ስትገባ አዲስ ቁስለኞች እየወረዱ ነበር። ቃሬዛ ስትይዝ፣ ደም ስትጠርግ ዋለች። ማምሻውን ስትወጣ እማማ ጣይባ እዚያው ቆመዋል። ይመርን ጭራሽ ረስታዋለች። ተመልሳ እንዳትገባ የደሴው መኪና ሞተሩን አስነስቷል፤ ረሳሁት እንዳትል አፈረች።

«ደህና ነው። ተኝቶ አገኘሁት» አለቻቸው።

እማማ ጣይባ ባጇን በጣታቸው ዳበስ አደረጉት። «አላህ ይስጥሽ» ብለው ወደ ቢስቲማ የሚሄድ መኪና ፍለጋ ሄዱ።

በማግስቱ አቢጌል እንደገባች ጠይቃ በቀጥታ ወደ ይመር አልጋ ሄደች። አልጋው ባዶ ነበር።

«ሊነጋጋ ሲል አለፈ» አለቻት ነርሷ ነፃነት። «እጄን ይዞ እናቴ የት ናት እያለ።»

ከቀብሩ በኋላ አቢጌል ባጁን ቤቷ ትታ ቢስቲማ ለቅሶ ሄደች። እማማ ጣይባ ገና ከበር ሲያዩዋት እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧትና ለለቀስተኞቹ፣ «ልጄን መጨረሻ ያየችው ይህች ናት» አሉ። «እስኪ ንገሪን። ፊቱ እንዴት ነበር?»



«አላየሁትም፣ እማማ። ረስቼው ነው የዋሸሁዎት። ሊያልፍ ሲል እርስዎን ይጠራ ነበር አሉኝ።»

እማማ ጣይባ እጇን ለቀቁት።

«ታዲያ ማን ነበር አጠገቡ?»

«ነርሷ።»

«እሷን አምጪልኝ። አንቺ አትግቢ።»

እሑድ ዕለት ነፃነትን ለምና ይዛት መጣች። ራሷ ግን ከአጥሩ ውጭ ቀረች። ነርሷ ዝግ ባለ ድምፅ ስትናገር፣ ቆይቶም የእማማ ጣይባ ለቅሶ ሲጀምር ይሰማታል። አንዲት ጎረቤት አዝናላት በርጩማ አወጣችላት። አቢጌል አመስግና ተቀበለቻት፤ አልተቀመጠችም።