ከቅጠል ያነሱ ዳይሬክተር

1.

...ከቅጠል ያነሱ ዳይሬክተር። ሥዕሉ ይኸው ነው። የሳለችው የሦስተኛ ክፍሏ ትርሲት ናት። ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ኮርቼባታለሁ።

2. መመሪያ

አንድ የወደቀ ቅጠል አንሡ። አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ቅጠሉን ወደ ሌላኛው አስጠጉ። ከግቢው ማዶ የቆመው ሰውዬ ይታያል?

አይታይም።

ኅዳር ላይ የግቢያችን ዋንዛ ቢጫ ቅጠሉን ሲያራግፍ፣ ተማሪዎቼን ሥሩ አስቀምጬ ይህንኑ አሳየኋቸው። የቀረበ ይተልቃል፣ የራቀ ያንሳል፤ በሉ ያያችሁትን ሳሉ አልኳቸው።

3.

ዳይሬክተራችን አቶ ስመኘው የዚያን ቀን ባንዲራው ሥር ቆመው ነበር። ልጆቹ ሁሉ ከዛፉ አስበልጠው ሳሏቸው። ምን ያድርጉ፣ ትልቅ ሰው በትልቁ ነው የሚሳለው፤ የቤተ ክርስቲያኑም ግድግዳ እንደዚያው ነው። ትርሲት ብቻ ያየችውን ሳለች።

ችግሩ፣ ሰውዬው የሥዕልን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ሊሰጡት አስበዋል። ክፍል ስንገባ ሥራችንን አይተው ሊወስኑ መጡ። «ትንሽ አሳድጊያቸው» ልላት ይገባ ነበር። እናንተ ብትሆኑ ትሏት ነበር፤ አትዋሹኝ።

አላልኳትም።

4. የተባለው

እሳቸው፦ ይቺ ጉንዳን እኔ ነኝ?

ትርሲት፦ አዎ ጋሼ።

እሳቸው፦ ቅጠል ይበልጠኛል?

ትርሲት፦ ቅጠሉ እጄ ላይ ነበር። እርስዎ ሩቅ ነበሩ።

እሳቸው፦ ቲቸር ዘርትሁን፣ ሰው ማክበር አታስተምሪም?

(ሥዕሉን ወደ ትርሲት መለሱት።)

እሳቸው፦ በይ አስተካክዪው።

ትርሲት፦ ይጠጉና አሳድግዎታለሁ።

5.

እዚህ ላይ ክፍሉ ሳቀ ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ነበር። ማንም አልሳቀም። ልጅቷ አልቀለደችም፤ እርሳሷን ይዛ መልስ ትጠብቃለች። ጉዴ ፈላ አልኩ። ግን አንጀቴን አራሰችው። ክፍለ ጊዜው ቢቀማም ይቀማ፣ እንዲህ ያለች ልጅ አስተምሬያለሁ።

6.

አቶ ስመኘው ወጥተው ሄዱ። ተቆጥተው መስሎኝ ነበር። ባንዲራው ሥር ሲደርሱ ዞረው ቆሙ።

«አሁን ስንት ነኝ?» አሉ ከማዶ።

ትርሲት በር ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች፤ አውራ ጣቷን አቁማ ለካቻቸው። «ጥፍሬን ያህላሉ።»

ተራመዱ። «አሁንስ?»

«ጣቴን።»

«አሁንስ?»

«መዳፌን።»

እንዲህ እያሉ መጥተው ከፊቷ ገተር አሉ። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ወረቀቷን አየች።

«አሁን ወረቀቱ አይበቃዎትም፣ ጋሼ።»

 አቶ ስመኘው ወደ እኔ ዞሩ።

«ወረቀት ጨምሪላት» አሉኝ።

7. የሚቀጥለው ሳምንት ፕሮግራም፣ ሦስተኛ ክፍል

ሰኞ፦ ሒሳብ

ማክሰኞ፦ አማርኛ

ረቡዕ፦ ሒሳብ

ሐሙስ፦ ሥዕል...