ቅዳሜ ሊነገር የነበረ መርዶ

ታዴዎስ ከጦር ሜዳ ተሰናብቶ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ የገባ ዕለት፣ የዚያው የኢትዮጵያውያን ዕድር ዳኛ ባንታየሁ አባላቱ በየተራ እንዲጠይቁት መደበ። ልጁ ያረፈው ካሳራኒ ሰፈር፣ እህቱ አያልነሽ ዘንድ ነው። ግራ እግሩን ያነክሳል፤ ሌላ የሚታይ ቁስል የለውም። ባንታየሁ ግን በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት መሣሪያውን ድንበር ላይ አስረክቦ የገባ የድሮ ወታደር ነውና የማይታየውን ያውቀዋል። "ሰው አይለየው። ጥያቄ ግን አታብዙበት" ብሎ አዘዘ።

ተራውን ያላከበረች ሠርክ ብቻ ናት። ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ አላት። በየቀኑ ሱቋን ዘግታ፣ ሁለት ማታቱ ታክሲ ቀይራ፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ካሳራኒ ትደርሳለች። ልጇ ሔኖክና ታዴዎስ አገር ቤት የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ በአንድ ቀን ተመዝግበው በአንድ መኪና ነው የዘመቱት። ስለ ሔኖክ ዓመት ከመንፈቅ ወሬ የለም።

"ጠጣ የኔ ልጅ፣ አጥንት ይጠግናል" ትለዋለች። ኩባያው ባዶ እስኪሆን ከፊቱ አትነሣም። "ሔኖክ ሌላ ክፍል ተዛውሯል ነው ያልከኝ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ታዲያ እዚያ ስልክ የለም? ድሮም ግድየለሽ ነው። ይምጣ ብቻ፣ ጆሮውን ነው የምቆነጥጠው!"

ታዴዎስ ይሥቃል። ስትወጣ ግንባሩን ስማው ትሄዳለች።

ሔኖክ ሞቷል። ታዴዎስ ይህን ለእህቱ የነገራት በገባበት ምሽት ነው፤ እህቱም ሳትውል ሳታድር ለባንታየሁ አደረሰች። ባንታየሁ አወጣ አወረደ። መርዶ ወግ አለው። ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌና የንስሐ አባት ቀድመው፣ ሴቶች በር ላይ ቆመው፣ ሰው ሳይበተን ነው የሚነገረው። ደግሞም ሠርክ ምርቃት የምትባል ሴት ልጅ አለቻት፤ የፎርም ፎር፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ላይ ናት። አራት ዓመት የተለፋበት ነገር በአንድ ሌሊት ልቅሶ ገደል እንዲገባ አልፈለገም። ፈተናው ዓርብ ያልቃል።

"ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን" አለው ለታዴዎስ። "እስከዚያ አንተ ዝም ትላለህ። ከጠየቀችህ ተዛውሯል በላት።"

"እሺ" አለ ታዴዎስ። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እንደ ወታደር ነው እሺ ያለው። ባንታየሁ ደስ አለው። በዚህ ደስታው ኋላ አፈረበት።

በዘጠነኛው ቀን፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ አያልነሽ ደወለች።

"ጋሼ፣ ታዴ ጠዋት እንደወጣ አልተመለሰም። ትናንትም እንዲሁ ወጥቶ፣ ቲካ ሮድ የእግረኛው ድልድይ ላይ ነው ያገኘሁት።"

"ምን ይሠራል እዚያ?"

"መኪና ነው የማየው ይላል። ጋሼ፣ አጥሚቱ ሆዱ ውስጥ አያድርም። እሷ ስትወጣ ያስታውከዋል። ሌላም እህል አይቀምስም።"

ባንታየሁ የሚያስተዳድረውን ምግብ ቤት ለሠራተኞች ትቶ ወጣ። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ታዴዎስን ካልሲ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው አጠገብ አገኘው። በሁለት እጁ የብረቱን አጥር ይዟል። ከታች መኪናው ይነጉዳል።

"መንቀሳቀስ ጀመርክ፤ ጥሩ ነው" አለ ባንታየሁ።

"ስንት ሰዓት ሆነ?"

"አምስት ተኩል።"

"አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትመጣለች።" ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። "ጋሼ፣ እዚያ የሚተኩስብኝ ሰው ነበር። ተኩሼ እመልስለታለሁ፣ ሲመሽ እተኛለሁ። ይቺ ሴት ግንባሬን ስማኝ ነው የምትሄደው። ለሷ ምን ልመልስላት?"

"ሦስት ቀን ነው የቀረው፣ ልጄ።"

"ለእርስዎ ሦስት ቀን ነው።"

ባንታየሁ የልጁን እጅ አየ። ብረቱን የጨበጡት ጣቶች ደም ሸሽቷቸዋል። እሱም በልጁ እድሜ እንዲህ ያለ የድልድይ ብረት ይዞ ያውቃል፤ የትና መቼ እንደሆነ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። እጁን በልጁ እጅ ላይ ጫነበት።

"ና እንሂድ።"

"የት?"

"ኢስትሊ። እንነግራታለን።"

"በቀን?"

"በቀን።"

ሠርክ ለአንዲት ደንበኛ በርበሬ እየመዘነች ነበር። ታዴዎስን ስታይ ፊቷ በራ።

"ውይ! በሽተኛው ራሱ ጠያቂ ሆኖ መጣ? አያልነሽ ትሙት፣ ዛሬ ከማታቱ ግፊያ ገላገልከኝ!"

ከኋላው ባንታየሁ ገባ፤ ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዟል። የሠርክ ሣቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

"ጋሽ ባንታየሁ፣ ቆብዎን ያድርጉ።"

"ሠርክ…"

"ያድርጉት አልኩ!"

አላደረገም። ደንበኛዋ ዋጋ ስትጠይቅ ሠርክ "ቱሜፉንጋ፣ ተዘግቷል" ብላ የበርበሬውን ላስቲክ እንዲሁ አስታቀፈቻትና በሩን መለሰችው። ከዚያ ወደ ታዴዎስ ዞረች።

"ሞቷል፣ እትዬ" አለ ታዴዎስ። "ካቻምና ግንቦት። ከጎኔ ነበር።"

አልጮኸችም። በሽሮ ጆንያው ላይ ቁጭ አለች።

"ካቻምና" አለች። "አጥሚቴን ስትጠጣ ታውቅ ነበር።"

"አዎ።"

"ጆሮውን እቆነጥጠዋለሁ ስልህ… ሣቅህ እኮ! አብረኸኝ ሣቅህ!"

"አዎ።"

"ያዘዝኩት እኔ ነኝ" አለ ባንታየሁ።

"እርስዎን ማን ጠየቀዎት? እርስዎ ዕድርዎን ይዳኙ።" ዓይኗ ከታዴዎስ አልተነቀለም። "ማን ቀበረው?"

"እኔ። በእጄና በምግብ ሳህን ነው የቆፈርኩት።"

"ራሱን በየት በኩል አደረግህ?"

"በምዕራብ። ፊቱ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው።"

"ቄስስ?"

"ቄስ አልነበረም። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩለት።"

የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች። ባንታየሁ ስልኩን አወጣ።

"ሴቶቹን ልጥራ።"

ነጠላውን ከአፏ አወጣች። "እንዳይጠሩ!"

"ብቻሽን አትሆኚም። ወግ አይደለም።"

"ምርቃት ነገ ሒሳብ አላት። ዓርብ ባዮሎጂ።"

ባንታየሁ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። ነገሩ የራሱ ነበር፤ እሱ ያሰበው፣ እሱ የወሰነው። ከእሷ አፍ ሲሰማው ግን ከበደው።

"እንዴት ቻልከው?" አለችው ታዴዎስን።

"አልቻልኩም፣ እትዬ።"

"ዘጠኝ ቀን ችለሃል። ንገረኝ፣ እንዴት ነው የሚደረገው?"

ታዴዎስ አሰበ። "ፊትዎን አላይም ነበር። የሻሽዎን ጠርዝ ነው የማየው። እጄን አንድ ነገር አስይዘዋለሁ። ሲብስብኝ እወጣለሁ።"

"ወጥተህ የት ትሄዳለህ?"

"ድልድዩ ላይ።"

ያን ጊዜ ነው ሠርክ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ያየችው። ከስቷል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ እንደ ተሰቀለ ነው። በየቀኑ ስታየው ከርማ አላየችውም ነበር።

"ከእንግዲህ ብቻህን አትወጣም" አለች። "ዛሬ እኔ ቤት ታድራለህ። እኔ ሲብስብኝ ስወጣ ምርቃትን አንተ ታዋራታለህ፤ አንተ ስትወጣ እኔ።"

"ስለ ወንድሟ ብትጠይቀኝስ?"

"ትዋሻለህ። እኔም እዋሻለሁ።" ተነሣች። "አልማርህም፣ ታዴዎስ። አሁን አልማርህም። ግን ና።"

ከጄሪካኑ ውኃ ቀድታ ፊቷን ታጠበች። ነጠላዋን አስተካከለች። የምርቃት ፈተና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያበቃል፤ ከትምህርት ቤቱ በር መገኘት አለባት። በሩን ከፍታ ወጣች። ታዴዎስ እያነከሰ ተከተላት። ጥቂት ሄዳ ቆመችና እስኪደርስባት ጠበቀችው። ባንታየሁን ግን ና ያለው የለም።

ከጎን ያለችው ባለ ሱቅ፣ ሰዲቃ፣ አንገቷን ብቅ አደረገች።

"ምዜ ባንታየሁ፣ ማማ ሠርክን ምን ነካት? በዚህ ሰዓት ትዘጋለች እንዴ?"

ባንታየሁ ቆቡን ራሱ ላይ አደረገ።

"ልጇን ልትቀበል ነው" አለ። ሠርክና ታዴዎስ በሰው መሐል ገብተው እስኪጠፉት ድረስ በሩን ይዞ ቆመ።