ግራ እጅጌ እምቢ አለ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በስፌት ፋብሪካው ውስጥ የሸሚዝ ግራ እጅጌ ብቻ ሰፍቷል። ቀኙን የምትሰፋው ፊት ለፊቱ የተቀመጠች ሴት ናት፤ ኮሌታውና ኪሱም የየራሳቸው ሰው አላቸው። አንድ ሙሉ ሸሚዝ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ስሙን የሚጠራው እንኳ የለም፤ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ «ግራ እጅጌ» ነው የሚሉት። እየቆረቆረውም አቤት ይላል።

አመሻሽ ላይ ደወሉ ሲደወል ግን ሌላ ሰው ነው። ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ዳማ ይጫወታል፤ ሁልጊዜም ይሸነፋል። መስማት ከተሳነው ጎረቤቱ በእጅ ማውራት ይማራል፤ ሁለቱ በእጅ ሲተራረቡ ላያቸው ሰው ሊደባደቡ የደረሱ ይመስላሉ። የሎሚ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከብርቱካን ግንድ ጋር ያጣብቃል፤ ከአምስቱ አራቱ ይደርቁበታል። አሮጌ አኮርዲዮንም አለችው፤ የእሷን ድምፅ እንኳ ጎረቤት ቢረሳለት ይሻላል። የተማረ ሰው እንዲህ ሲሆን «ሁለገብ» ይባላል። እጅጌ ሰፊ ሲሆን «ዝርክርክ» ነው። ስድስተኛ ክፍል እያለ አስተማሪው አባቱ ፊት «ይሄ ልጅ ሁሉን ይነካካል፣ አንዱንም አይጨብጥም» ብሎት ነበር፤ በዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጣ። አስተማሪው ያን ቀን የለበሰው ኮት ቀለም እስከ ዛሬ ከዓይኑ አልጠፋም።

ቅዳሜ ከሰዓት የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ የፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ እየሳቀ ገባ።

«እንኳን ደስ ያለህ! ከሰኞ ጀምሮ የማታ ፈረቃ አለቃ ነህ። የማን ሥራ መሰለህ? የእኔ!»

«የማታ?»

«በየቀኑ፣ ከዐሥራ አንድ ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት። ያ መዝረክረክህም በዚያው ይቀራል። አንተ ሰውዬ፣ አርባ ስምንት ዓመትህ እኮ ነው! አንድ ነገር ያዝና ሰው ሁን።»

«ወንድምጋሼ ስንት ደጅ ጠንቶልህ!» አለች ሚስቱ።

«ሰው ሁን» የምትለዋን ሲሰማ ቀና ብሎ የሚስቱን ወንድም አየው።

«ጋሼ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ነገር ይዤ ኖሬያለሁ፤ ግራ እጅጌ። ከዚህ በላይ እንዴት አድርጌ ልያዝ?»

ሚስቱ ሳታስበው ሳቀች።

«ቀልዱን ተወው! ዳማ ያበላሃል?» አለ ወንድሟ።

«አያበላኝም። ግን ከፋብሪካው ስወጣ ወደ አንድ ጎን ዘምሜ ነው የምወጣው። ዳማው፣ ዛፉ፣ ያቺ የምታላዝን አኮርዲዮን ናቸው የሚያቃኑኝ። አመሻሼን ከወሰዳችሁብኝ እዚህ ቤት የሚመለሰው እጅጌው ብቻ ነው። እህትዎ ከእጅጌ ጋር ትኑር?»

ሰውዬው ወደ እህቱ ዞረ፤ የምታግዘው መስሎት። እሷ ባሏን ቆየት ብላ አየችውና «ወንድምጋሼ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ» አለች።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ እምቢታውን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። አዳራሹ መሃል አቁሞት፣ «ሹመት የማይወድ ከሆነ የሸሚዝ ቁልፍ ይትከል! ከጀማሪዎቹ ጋር!» ብሎ ጮኸ። የስፌት መኪናው ሁሉ ድምፅ ቆመ። የሚስቱ ወንድም በግምጃ ቤቱ መስኮት አንገቱን አስግጓል።

ግራ እጅጌ መቀሱንና የሚቀመጥበትን ትራስ አነሳ። ጆሮው እስኪግል አፍሯል፤ ቢሆንም አንገቱን አልደፋም። ሃያ ሁለት ዓመት በሠራባቸው ረድፎች መካከል ተራመደና መጨረሻው ጠረጴዛ ላይ በዕድሜ ልጁ ልትሆን ከምትችል ጀማሪ አጠገብ ተቀመጠ።

«እስቲ አሳዪኝ እታለም፣ ይሄን ሠርቼው አላውቅም።»

«ጋሼ፣ እውነት አያውቁትም?»

«እውነቴን ነው። ቀስ ብለሽ።»

እስከ ምሳ ሰዓት ጣቱን ሦስቴ ወጋ፤ አራት ቁልፍ አጣመመ። አምስተኛው ልክ ሲገባ አውራ ጣቱን እያሻሸበት ለብቻው ፈገግ አለ። ሥራ አስኪያጁ መጸጸቱን ሊያይ መጥቶ አጠገቡ ቆሞ ኖሯል።

«እህስ?»

«ደኅና ነው ጌታዬ» አለ፣ መርፌውን ሳያስቀምጥ። «ይቺን ስለምድ ደግሞ መተኮሻው ጋ ይላኩኝ።»